ግድግዳው ላይ ቀድሞ የተነሳው እጅ

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ ጅን፣ ዛር፣ ውቃቢ ምናምን ሲወራ የማዛጋ ሰው ነኝ። ወሎ ተወልጄ ወሎ ያደግሁ ልጅ ነኝ፣ ጎረቤታችን ሁሉ አንዱ ጅን አየሁ፣ ሌላው አውልያ በሕልሜ መጣ እያለ ሲያወራ እየሰማሁ ነው ያደግሁት፣ አንድም ቀን ግን ልቤ ደንግጦ አያውቅም። ትምህርት ቤት ሳለን ሴቶቹ ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ጅን አለ ብለው ሽንት ቤት በቡድን ሲሄዱ እኔ ብቻዬን ነበር የምሄደው፣ «ጅን የደሴን ብርድ የት ችሎት፣ ካለም ኮምቦልቻ ወርዷል» እያልሁ አስቃቸው ነበር። ይህን የምነግራችሁ ጀግና ነኝ ለማለት አይደለም፣ የሚቀጥለውን የምታወራችሁ ሴት ምን ዓይነት እንደሆነች እንድታውቁ ነው።

አባቴን ሰው ሁሉ ጋሽ ይማም ይላቸዋል። ሰኞ ገበያ ዳር ካለ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሱሪ ሲያሳጥሩ፣ ኮት ሲገለብጡ የኖሩ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ሰፈሩ የሚያውቃቸው ግን በስፌታቸው ሳይሆን በመነሳታቸው ነው። ሰው ሲመጣ ይነሳሉ። መርፌው ጨርቁ ውስጥ ተተክሎ፣ እግራቸው ፔዳሉ ላይ ሆኖ፣ የሚያውቁት ሰው በበረንዳው ብቅ ካለ ብድግ ብለው «ኖር!» ይላሉ፣ ያ ሰው «በእግዜር፣ ይቀመጡ» ወይም «አላህ ያኑርዎ፣ ይቀመጡ» እስኪላቸው ድረስም ግማሽ ቆመው ይጠብቃሉ እንጂ አይቀመጡም። ለሸህም ለቄስም ይነሳሉ፣ አንድ ለአምስት ተደራጁ እያለ ለሚያሰለቸን የቀበሌ ልጅ እንኳን ይነሳሉ፣ በዕድሜ የልጅ ልጃቸው ቢሆን ነው እኮ! እኔ ደግሞ አልነሳም። ጉልበት የተሰጠኝ ለመሄጃ ነው እላለሁ፣ እሳቸውም «ሀያት፣ ለሰው ጉልበቱ የማይነሳ፣ በሰው ሐዘን ልቡም አይነሳ» ብለው ይቆጡኛል፣ እኔም እሺ እላለሁ፣ ነገም አልነሳም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት ደም ግፊቱ ጣላቸው። አልሐምዱሊላህ ነፍሳቸው ተረፈች፣ እግራቸውም ትንሽ ከመጎተት በቀር ደህና ነበር፣ ቀኝ እጃቸው ግን ከትከሻ እስከ ጣት እምቢ አለ። የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል በግራቸው አንስተው ጭናቸው ላይ ያስቀምጡትና ፎጣ ያለብሱታል፣ ሰው እንዲያይባቸው አይፈልጉም። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፣ እህቴ አረብ አገር ናት፣ ቤት ያለነው አባና እኔ ብቻ ነን።

ይህ ሁሉ የሆነው ደግሞ እኔ ልሄድ ሻንጣዬን ካዘጋጀሁ በኋላ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት መዋል ሊያሳብደኝ ሲደርስ ኮምቦልቻ አዲስ የተከፈተ የልብስ ፋብሪካ ተቀብሎኝ፣ ክረምቱ ሲያልቅ ትገቢያለሽ ተብዬ ነበር። ኮምቦልቻ ማለት የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ነው፣ ሩቅ አይደለም፣ ግን ፈረቃ ሥራ ነው፣ እዚያው ቤት መከራየት አለብኝ፣ የራሳቸውን ሸሚዝ መቆለፍ የማይችሉትን፣ ድስት እንኳን ማውረድ የማይችሉትን አባቴን ትቼ እንዴት ልሂድ? እጁ ከተመለሰ እሄዳለሁ፣ ካልተመለሰ ደሴ እቀራለሁ፣ ሌላ መንገድ አልነበረውም። አባም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፣ አናወራውም እንጂ ማታ ማታ ሁለታችንም ያንን ፎጣ ነበር የምናየው።

ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ስንሄድ የእንቅስቃሴ ሕክምና የምትሰጠዋ ልጅ «እጅዎን በየቀኑ ያሠሩት፣ ባይታዘዝዎትም እንደሚታዘዝ አድርገው ያስቡት» ብላ የምታሠራቸውን አሳይታን ነበር። አባ ግን እምቢ አሉ። እጅ ወደ ላይ፣ እጅ ወደ ታች፣ እንደ ሙአለ ሕፃናት፣ በዚህ ሽበት! አፍረው ሊሞቱ። ለምኜ ለምኜ ሲሰለቸኝ ነው ታዴ ትዝ ያለኝ።

ታዴ የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ጌም ቤት አለው። ሌላው ጌም ቤት ጆይስቲክ ይዞ ቁጭ ብሎ ኳስ መጫወት ነው፣ የታዴው ግን በእጅ የሚያዝ ነገር የለውም፣ እህቱ ከዱባይ የላከችለት ነው። ፊት ለፊት አንድ ጥቁር ረዘም ያለ ካሜራ አለ፣ እሱ ሰውነታችሁን ያያል፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ በሽቦ የታሰረ ፕሮጀክተር አለ፣ እሱ ግድግዳው ላይ በእናንተ ልክ የብርሃን ሰው ይሠራል፣ እጃችሁን ስታነሱ ያነሳል፣ ስትዘሉ ይዘላል። ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ብቻ አይቀርም፣ ወለሉ ላይ ውሃ ይፈስሳል፣ የተቀመጣችሁበት እውነተኛ አግዳሚ ላይ ብርቱካን ይንከባለላል፣ በመዳፋችሁ ስትመቱት ጧ ብሎ ይፈነዳል። የብርሃኑ ሰው ሁልጊዜ ከእናንተ ትንሽ ይዘገያል። እጃችሁን ታነሳላችሁ፣ ከዚያ እሱ እንደ ሰነፍ ተማሪ ኋላ ኋላ እያለ ያነሳል። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

ቤቱ ጨለማ መሆን ስላለበት በሩ ላይ ወፍራም ጥቁር መጋረጃ አለ። የሰፉለት አባ ናቸው፣ ከመታመማቸው በፊት በቀኝ እጃቸው የጨረሱት የመጨረሻ ሥራ እሱ ነው። የደሴ ነፋስ እንዳያነሳው የታችኛው ጠርዝ ውስጥ ጠጠር ሰፍተውበታል፣ ስለዚህ ሰው ገልጦት በገባ ቁጥር ጠጠሩ ሲሚንቶውን እየጫረ ሽርርር ይላል። ደወል አያስፈልገውም ነበር፣ ሽርር ካለ ሰው ገባ ማለት ነው።

«ጋሽ ይማም፣ ይሄ ስፖርት አይደለም፣ ጨዋታ ነው» አላቸው ታዴ መጀመሪያ ቀን።

«በዚህ ዕድሜዬ ጨዋታ?»

«ብርቱካን መልቀም ነው እኮ፣ በልጅነትዎ የሰው ብርቱካን ሰርቀው አያውቁም?»

«ብርቱካን እንኳን አልሰረቅሁም» አሉ አባ ቆፍጠን ብለው፣ ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረጉና «ሸንኮራ ነው» አሉ።

በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪው ሳይመጣ በፊት ወይ ከሄደ በኋላ እየወሰድኋቸው አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን፣ እኔ በቀኛቸው። በግራ የሚመጣውን ብርቱካን በግራ እጃቸው ይመታሉ፣ በቀኝ የሚመጣው ወደ ፎጣው ይንከባለልና እጃቸው አልነሳ ሲል እኔ እመታላቸዋለሁ። ግድግዳው ላይ ሁለት የብርሃን ሰዎች፣ አንዱ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ የቀረ፣ አንዷ የምትቁነጠነጥ። አባ ሲስቁ ከታመሙ ወዲህ ያየሁት እዚያ ነው፣ ወላሂ።

ችግሩ መነሳታቸው ነው። መጋረጃው ሽርር ሲል፣ ጨዋታው መሀል ሆነው፣ ትከሻዬን ተደግፈው ብድግ! «ኖር!» የሚገባው ደግሞ ማን መሰላችሁ፣ ማስቲካ የሚያኝክ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ። ካሜራው ግራ ይጋባል፣ ጨዋታው ይበላሻል፣ ታዴ ጭንቅላቱን ይይዛል። «ጋሽ ይማም፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ለነዚህ አይነሱ!» ይላል፣ እሳቸውም «ሰው ገብቶ እንዴት ቂብ ብዬ ልቀመጥ ልጄ» ይላሉ። በመጨረሻ ታዴ ካርቶን ላይ «ጨዋታ ላይ ሆኖ ለሚገባ ሰው መነሳት ክልክል ነው» ብሎ ጽፎ ለጠፈው። ልጆቹ ይባስ ብሎባቸው ሲገቡ ጎርነን ባለ ድምፅ «አላህ ያኑርዎ አባባ፣ ይቀመጡ!» እያሉ ማሾፍ ያዙ፣ አባም ምርቃቱን ከልባቸው ተቀብለው «አሚን» ብለው ይቀመጣሉ። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል።

እጁ ግን ያው ነበር። ሳምንታት አለፉ፣ ፎጣው አልተነቃነቀም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። መጀመሪያ ያስተዋልሁት ነገር በጣም ትንሽ ነበር፣ ትንሽ ከመሆኑ የተነሳ ለሰው ባወራው እብድ እባላለሁ ብዬ ዝም አልሁ። አንድ ከሰዓት ብርቱካኑን እየጠበቅን ግድግዳውን ሳይ፣ የአባ የብርሃን ሰው ቀና አለ። ከዚያ አባ ቀና አሉ። ከዚያ መጋረጃው ሽርር አለና ታዴ ሻይ ይዞ ገባ። ገባችሁ? ሁልጊዜ የሚዘገየው ቀደመ። ዓይኔ ነው አልሁ፣ ሌሊቱን አባን ሳገላብጥ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። በሌላ ቀን ደግሞ ያው ሆነ፣ የብርሃኑ ሰው ፊቱን ወደ በሩ መለሰ፣ ፊት የለውም እኮ፣ ለስላሳ ሎሚ የመሰለ ጭንቅላት ነው፣ ግን መለሰ፣ አባ ተከተሉት፣ ቀጥሎ ሰው ገባ። ለታዴ ነገርሁት።

«ሀዩ፣ ማሽን እኮ ነው» አለኝ። «የማያየውን ይገምታል። የተሸፈነ እጅ፣ የዞረ ትከሻ፣ ያላየውን እንዲሁ ይገምትና ይሠራዋል፣ አሳስቶሽ ነው።»

«ሰው ሊገባ መሆኑንም ይገምታል?»

«እሱን ከገመተማ ሎተሪ እናስቆርጠዋለን!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

እና ያ ቀን መጣ። ክረምቱ እየወጣ ነበር፣ ጠዋት ከፋብሪካው ተደውሎ ሰኞ ካልገባሽ ቦታሽን ለሌላ እንሰጣለን ተብያለሁ። ለአባ አልነገርኋቸውም፣ ግን በር ላይ ሆኜ ስልኩን ሳወራ ሰምተዋል፣ ምክንያቱም ምሳ ስንበላ ድንገት «ሂጂ» አሉኝ።

«ሸሚዝዎን ማን ይቆልፍልዎታል?»

«ሳይቆለፍ እለብሰዋለሁ።»

«ዝም ይበሉ አባ» አልኋቸው፣ እንዲህ ነው እኔ የምናገረው። ወደ መግሪብ ግድም ከቤት መውጣት አስፈለገኝ፣ ቤቱ አፈነኝ፣ ይነሱ እንሂድ ብዬ ወሰድኋቸው። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሞልቶት ስለነበር ባጃጆቹ ገና ሳይጨልም መብራት አብርተው ነበር የሚሄዱት። ታዴ አገኘንና ጨዋታውን ከፈተልን፣ «መብራቱ እየተልፈሰፈሰ ነው፣ ለጄኔሬተሩ ነዳጅ ላምጣ፣ ተጫወቱ» ብሎ ወጣ። ቤቱ ውስጥ የቀረነው አባና እኔ ብቻ ነን፣ ይህን እርግጠኛ ነኝ፣ አንድ ክፍል ናት፣ መደበቂያ የላትም።

ትንሽ ተጫወትን፣ እኔ ተናድጄ ስለነበር ብርቱካኑን እንደ ጠላት ነበር የምመታው። ከዚያ ጠጠሩን ሰማሁት። ሽርርር። ታዴ ተመለሰ ብዬ ዞርሁ።

መጋረጃው አልተንቀሳቀሰም። እመኑኝ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ጠርዙ ሲሚንቶው ላይ እንደተኛ ነው፣ ድምፁ ግን ቀስ እያለ፣ አንድ ሰው ሰፊ መጋረጃ ገልጦ፣ ገብቶ፣ በጥንቃቄ መልሶ ሲለቅ እንደሚሰማው፣ ሽርርር ብሎ አለቀ።

ወደ ግድግዳው ስመለስ የአባ የብርሃን ሰው እየተነሳ ነበር። መጀመሪያ ራሱን ቀና አደረገ፣ ወደ በሩ ዞረ፣ ከዚያ ቀኝ እጁ፣ ያ ክረምቱን ሙሉ ያልተነቃነቀው እጅ፣ ከጭኑ ላይ ተነሳ። ግራው መጥቶ ከክርኑ ሥር ደገፈው። ወገቡን ሰበር አድርጎ፣ ግማሽ ቆሞ፣ ለታላቅ ሰው እጅ እንደሚሰጥ ሰው እጁን ዘረጋ። ቶሎ ብዬ አባን አየኋቸው። ተቀምጠዋል። ፎጣው ጭናቸው ላይ ነው፣ እጁ ከፎጣው ሥር ነው፣ ዓይናቸው አግዳሚው ላይ ያለችውን ብርቱካን እያየ ነው። ግድግዳውን አየሁ፣ ቆሟል። አባን አየሁ፣ ተቀምጠዋል።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚጠይቀኝ፣ «ሦስተኛ ሰው ታየሽ? ግድግዳው ላይ ሌላ ሰው ነበር?» ይለኛል። አልነበረም። የነበርነው ሁለት ነን፣ ከሁለት በላይ አልነበረም። ሦስተኛ ቢታየኝ ይሻለኝ ነበር፣ ምን እንደሚመስል አውቅ ነበር።

ከዚያ አባ ዞሩ። እንደዚያ እንደ ሰነፍ ተማሪ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የሚከተሉት እሳቸው ሆኑ። ትከሻዬን ሳይደገፉ ተነሱ፣ ጉልበታቸው ቋ ሲል ሰማሁት፣ እንዲህ ብለው ሲናገሩ ሰምቻቸው በማላውቀው፣ እንደ ልጅ ባለ ቀጭን ድምፅ «ኖር!» አሉ።

መብራቱ ጠፋ።

መብራት መጥፋቱ አይገርምም፣ ደሴ ነው፣ በቀን ስንቴ ይጠፋል። ጨለማው ግን ጭልጥ ያለ ነበር፣ አባ ራሳቸው የሰፉት መጋረጃ አንዲት ክር ብርሃን አያስገባም። «አባ!» አልሁ። በግራ እጄ ጭናቸውን ፈለግሁ፣ ቆመው ስለነበር አግዳሚውን ነው ያገኘሁት፣ ፎጣው አለ፣ ባዶውን ወድቋል። አንድ ሽታ መጣ፣ አዲስ ከጣቃው ላይ የተቀደደ አቡጀዲ ሽታ፣ የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ፣ አልሳሳትም፣ ግን ጌም ቤት ውስጥ አቡጀዲ ምን ይሠራል? አቡጀዲ ደግሞ ለከፈን እንደሚገዛ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ማንም አልተናገረም። ትንፋሽ እንኳን የሰማሁት የሁለታችንን ነው። ትንሽ ቆይቶ አግዳሚው ሲጥ አለ፣ አባ ተቀመጡ። እኔ አባቴን አውቃቸዋለሁ፣ ይቀመጡ ሳይባሉ አይቀመጡም።

ውጭ ጄኔሬተሩ አጓርቶ ተነሳ፣ ፕሮጀክተሩ ቀስ እያለ በራ፣ ግድግዳው ላይ ሁለቱ ሰዎች ተመለሱ። አንዱ ተቀምጧል፣ አንዱ ወገቡን ሰበር አድርጎ ግማሽ ቆሟል። ያ የቆመው አባ ናቸው ብዬ «ይቀመጡ እንጂ!» ልል ወደ ጎን ስዞር፣ ጭንቅላቱ ከእኔ ጋር ዞረ።

እኔ ነበርሁ። ቆሜያለሁ። መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም፣ ለሸህ ያልተነሳሁት፣ ለቀብር ተመላሽ ያልተነሳሁት እኔ ወገቤን ሰብሬ፣ እጄን በእጄ ደግፌ ቆሜያለሁ። ልቀመጥ ብዬ ሞከርሁ፣ ጉልበቴ አልታጠፍ አለ። ፍርሃት አልነበረም፣ ፍርሃት ሲሆንማ ጉልበት ይብረከረካል። የኔው ጉልበት እየጠበቀ ነበር።

መጋረጃው ሽርር አለ፣ በዓይኔ እያየሁት ተገለጠ፣ ታዴ ነው። «ሀዩ፣ ምን ትገተሪያለሽ፣ ተቀመጪ እንጂ!»

ዱብ ብዬ ተቀመጥሁ።

በዚያው ቅጽበት አግዳሚው ላይ ብርቱካን ተንከባለለች፣ በቀኝ በኩል፣ ወደ አባ ቀኝ፣ እኔ እጄን ለማንሳት አቅም አልነበረኝም፣ ጧ! ብላ ፈነዳች። የአባ ቀኝ መዳፍ አግዳሚው ላይ ነበር። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አነሱ፣ አንድ በአንድ መለሱ፣ መርፌ ሲፈትሹ እንደሚያደርጉት አውራ ጣታቸውን ከሌባ ጣታቸው ጋር አሻሹ። ታዴ ጮኸ፣ «ጋሽ ይማም! በማርያም!» እያለ ዘለለ፣ የብርሃኑ ሦስተኛ ሰው ግድግዳው ላይ አብሮት ዘለለ፣ እኔ አለቀስሁ። ከዚህ በኋላ ስለ ጠጠር፣ ስለ ሽታ ማን ያወራል? እኔም አላወራሁም።

ወደ ቤት ስንሄድ ግን አላስቻለኝም። ጉሙ ውስጥ ክንዳቸውን ይዤ፣ ያንኑ ቀኝ ክንድ፣ «አባ፣ ማን ነበር የገባው?» አልኋቸው።

«ደንበኛ ነው» አሉ።

«ምን ፈልጎ?»

«ሥራ ሊያሠራኝ። እጅ የለኝም አልሁት።»

«ድምፅዎን አልሰማሁም እኮ። ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተቀመጥ አለኝ።»

ቆምሁ። «ተቀመጥ? አንተ ብሎ?»

«አንተ ብሎ» አሉ አባ፣ መንገዳቸውን ሳያቆሙ። እኔ አባቴን አንተ ብዬ አላውቅም፣ ሰፈሩም አይላቸውም፣ አንተ የሚሏቸው ሰዎች ሁሉ ቢለን በሚባለው መቃብር ከተኙ ስንት ዘመናቸው ነው።

ቦሩ ሜዳ ያለችው ልጅ እጁን አይታ በጣም ደስ አላት፣ እንቅስቃሴው ነው የረዳው አለች፣ እውነቷን ይሆናል፣ እንዲሆንም እፈልጋለሁ። አባ ሸሚዛቸውን ራሳቸው ቆለፉ፣ መርፌ ውስጥ ክር በአንድ ሙከራ አስገቡ፣ እኔም ሰኞ ጠዋት ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አውጥቼ በሚኒባስ ሐረጎን ወረድሁ። የፈለግሁትን አገኘሁ አይደል? በቃ፣ እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ይለኝ ነበር።

የመጀመሪያ የእረፍት ቀኔ ላይ ደሴ ስወጣ አባ በረንዳቸው ላይ መኪናቸውን እያሽከረከሩ አገኘኋቸው፣ ሸጋ ሆነዋል፣ ፊታቸው ሞልቷል። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ስናወራ የሰፈራችን ሸህ መጡ። «አሰላሙ አለይኩም» አሉ፣ አባም «ወአለይኩም ሰላም» አሉ፣ ደስ ብሏቸው፣ ፈገግ ብለው። ግን አልተነሱም። ሸሁ ትንሽ ቆመው ጠበቁ፣ ከዚያ እንዳላስተዋለ ሰው ሆነው አለፉ።

«አባ፣ ሸሁ ናቸው እኮ።»

«አየኋቸው።»

«አይነሱም እንዴ?»

ቀና ብለው አዩኝ። በማያውቁት ቋንቋ የተናገርኋቸው ይመስል፣ በእውነት ግራ ገብቷቸው፣ «ለምን?» አሉኝ።

ጤነኛ ናቸው፣ ሰው ይረዳሉ፣ ሰላት አያጓድሉም፣ ቀልዳቸውም አለ። ያቺ አንድ ነገር ብቻ የለችም። «ኖር» የሚለው ቃል ከዚያ ወዲህ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፣ ጎረቤቱ «ይማም እጁ ሲድን ጌታ ሆነ» ብሎ ያማቸዋል፣ ታዴም ካርቶኑን ከግድግዳው አንስቶ ጣለው፣ አሁን ማን ይነሳል ብሎ።

ማን እንደሚነሳ እኔ አውቃለሁ።

ፋብሪካው ውስጥ እንደ ሌላው ሁሉ ተደርድረን ነው የምንሰፋው፣ የመኪናው ጩኸት ጆሮ ይደፍናል። ከገባሁ ብዙም ሳልቆይ፣ እጅጌ እየገጠምሁ ሳለ፣ ራሴን ቆሜ አገኘሁት። ወገቤን ሰበር አድርጌ፣ ቀኝ እጄን በግራዬ ደግፌ። ከጎኔ ያለችው ልጅ «ለማን ነው የምትነሺው፣ ባለቤቱ መጣ እንዴ?» ብላ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ ልቀመጥ ስል ግን ጉልበቴ አልታጠፍ አለ። ሱፐርቫይዘሯ ከወዲያ ጫፍ «አንቺ! ተቀመጪ!» ብላ ስትጮህ ነው የተቀመጥሁት። ከዚያ ወዲህ ደጋግሞኛል፣ ልጆቹ ለምደውኛል፣ ስነሳ አንዷ «በእግዜር፣ ተቀመጪ» ትለኛለች፣ ይስቃሉ፣ እኔም ቁጭ እላለሁ። ሰው እስካለ ድረስ ችግር የለውም ብዬ ነበር።

ባለፈው ዓርብ ግን ቀኑን ሠርቼ ገብቼ፣ በተከራየኋት ክፍል አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሽንኩርት እየላጥሁ ነበር፣ በሩን ለሙቀቱ ብዬ ገርበብ አድርጌዋለሁ፣ ፀሐይዋ ልትገባ ነው፣ ጊቢው ውስጥ ሰው አልነበረም። መጋረጃ የለኝም። ጠጠርም የለኝም። ሽርርር አለ። ሽንኩርቱ ከእጄ ወድቆ ወለሉ ላይ ሲንከባለል አየሁት፣ ከላይ ወደ ታች ነው ያየሁት፣ ቆሜያለሁ ማለት ነው። በሩ ላይ ማንም የለም። ብዙ ቆምሁ፣ ክንዴ እስኪዝል፣ ተቀመጪ የሚለኝ ሰው ከየት ይመጣል እያልሁ፣ ልጮህ ፈልጌ፣ ደግሞ ብጮህ ማን እንደሚመልስልኝ ፈርቼ።

ከዚያ ተቀመጥሁ። ደክሞኝ አልወደቅሁም፣ በወግ፣ ቀስ ብዬ ተቀመጥሁ። ማን ተቀመጪ እንዳለኝ አልሰማሁም፣ ወላሂ ምንም አልሰማሁም። ጉልበቴ ግን ሰምቷል።